ሱዋ፣ አሞራ ገደልና አንድ ደብተር

ልጅ ሳለሁ ታቦር በሚባለው ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የምደሰተው እኔ ነበርኩ፤ መብራት ጠፋ ማለት ጋሼ ተረታቸውን ይጀምራሉ ማለት ነበርና። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጅ ስላልነበራቸው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ለሥልጠና ጃፓን ተልከው አንድ ዓመት የቆዩት ሱዋ በምትባል፣ በተራሮች መካከል ሐይቅ ታቅፋ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነው። ያቺን ከተማ እስኪሞቱ ድረስ ተረኳት።

ያኔ የበቆሎ እሸት የምንጠብስበትን የከሰል ምድጃ ከበን ስንቀመጥ፣ ጋሼ በጠፋ ከሰል ሲሚንቶው ላይ ካርታ ይሥሉልን ነበር። የድስት ክዳን ሐይቁ ነው፤ በልተን የጣልነው ቆረቆንዳ ዙሪያውን ተራራ ይሆናል። እዚህ ጋ ፍል ውሃ፤ እዚህ ጋ ልጃገረዶች ከፈላ ውሃ ውስጥ ሐር ሲመዙ ጣታቸው የሚላጥበት ፋብሪካ፤ እዚህ ደግሞ ውሃው ላይ የተሠራ የመሳፍንት ግንብ፣ በኋላ ሰዎች ለእርሻ ብለው ሐይቁን በአፈር ሲደፍኑት ደረቅ መሬት ላይ የቀረ። እኔ የምጓጓው ግን ለብርዱ ወራት ነበር። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ይሆንና፣ በረዶው እየጮኸ ተሰንጥቆ ሽቅብ ይቆማል፤ ያገሩ ሰዎች አምላካቸው ማዶ ወዳለችው ሚስቱ የተሻገረበት መንገድ ነው ይላሉ። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በየማለዳው ወርደው ያዩትን ይጽፋሉ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሲጽፉ ኖረዋል።

«በረዶ ካልሠራስ?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«አልሠራም ብለው ይጽፋሉ። አሁን አሁንማ አየሩ ሞቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት እሱኑ ነው። ቢከፋቸውም ይወርዳሉ፤ ቢያፍሩም አይዋሹም።»

በዚያው ሰሞን ጋሼ ደብተር ገዝተው መጡ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተማችን ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል እንወርድ ጀመር። ዳር ላይ ከቆመችው ሾላ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ እቆጥራለሁ፤ ዳንጊሶ የሚባለውን ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ጋሼ ስንት ቆሮሶ ዓሣ እንዳወጣ ይጠይቁታል፤ እኔ እጽፋለሁ።

«ጋሼ፣ ባዶ መረብ ደሞ ምኑ ይጻፋል?» እያለ ይስቃል ዳንጊሶ።

«ባዶ ብለሽ ጻፊ» ይሉኛል ጋሼ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መሃል ከተማ ሥራ ስይዝ የጋሼ እግር ከዳቸው፤ አልጋ ላይ ዋሉ። ብቻዬን ጥቂት እሑድ ወረድኩ። ከዚያ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ሰለቸኝ። ሐይቅ ልሄድ ነው ብዬ እወጣና በባጃጅ መሃል ከተማ ሄጄ፣ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ከጭንቅላቴ እጽፋለሁ። ቆሮሶውን አበዛሁላቸው፤ ሳነብላቸው ፊታቸው ይፈካ ነበርና። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

«አየሽ፣ የኛስ ሐይቅ ተርፏል» አሉኝ ሊሞቱ ሰሞን። «ደብተሩን ለሚገባው ሰው ስጪልኝ።»

እሺ አልኳቸው።

አምና ስለ ሐይቁ የምታጠና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጋሼን ወሬ ከቀድሞ ተማሪያቸው ሰምታ ቤቴ መጣች። ደብተሩን እያገላበጠች፣ እንዲህ ያለ ነገር ከየትም አላገኘሁም አለችኝ። ዝም ብዬ ልሰጣት እችል ነበር። የጋሼ ፊት ድቅን ሲልብኝ ግን አልቻልኩም፤ የካፌውን ነገር ነገርኳት።

ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። «እህቴ፣ እንግዲህ ከየትኛው ገጽ ጀምሬ ልመንሽ?» አለችኝ።

ጽሕፈቱ ሁሉ የእኔ ነው፤ መቼ መዋሸት እንደጀመርኩ ራሴም በውል አላስታውስም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። ጋሼ በፀሐይ በዝናብ የወረዱባቸው እሑዶች በእኔ ጦስ አብረው ጠፉ።

ባለፈው እሑድ አሞራ ገደል ወረድኩ። ሾላዋ ተቆርጣለች፤ እርምጃዬን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ዳንጊሶ የለም፤ የማላውቀው ወጣት ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። ምን አወጣህ ብዬ ብጠይቀው ባዶውን መረብ አንስቶ አሳየኝ። ሱዋ ላይ ዘንድሮም ማለዳ ወርደው፣ በረዶ አልሠራም ብለው ይጽፉ ይሆናል፤ ሰው ያምናቸዋል። እኔም ደብተሩን ከፍቼ ባዶ ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፤ ለሚያነበው ሰው ግን ከውሸቶቼ በምንም አይለይም።