አንድ ሚሊዮን ሦስት

ከቴፒ የወሰዱኝ እሸት ቡና ሳስረክብ ነው። ሚዛን ከተማ እስር ቤት ደርሰን የክፍሉ በር ሲከፈት ጣቶቼ በቡናው ጭማቂ ገና ይጣበቁ ነበር። ጥፋቴ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ መናገሬ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ሲሚንቶው እርጥብ ነበር፤ የሽንት ባልዲው በሩ ጥግ ተቀምጧል። ውስጥ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከጌጫ የመጡ የሂሳብ መምህር። ለተባረሩ ባልደረቦቻቸው አቤቱታ ጽፈው ነው የታሰሩት። ብርድ ልብሳቸውን አጋሩኝና ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣ "ማካፈል ትችላለህ?" አሉኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ነው። ጣታቸውን ውሃ እየነከሩ ወለሉ ላይ ይጽፋሉ፤ ሳይደርቅ ማስላት ነው። የያዙት ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሦስት ነበር። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚካፈልበት ቁጥር እንዳለው ማወቅ ይፈልጋሉ። እንደ ሰባትና አስራ አንድ ያሉትን፣ ራሳቸው የማይካፈሉትን ቁጥሮች እስከ አንድ ሺህ ድረስ መሞከር በቂ እንደሆነ አስረዱኝ። ለሰባት ስናካፍለው አራት ተረፈ። ለአስራ አንድም አራት፣ ለአስራ ሦስትም አራት። ያን ዕለት ሲስቁ አየኋቸው።

የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ልጃቸው ከጌጫ እየመጣች ምግብ ታቀብላለች፤ ምግቡ ይገባል፣ ክኒኑን በር ላይ ያስቀሩታል። እግራቸው ቆሰለ። ጠባቂዎቹን ለመንኩ። ለአለቃ ይነገራል አሉኝ።

ስድስት መቶ አስራ ሦስት ላይ ደርሰን ስናካፍል ሁለት መቶ ተረፈ። በማግስቱ ጠዋት መምህሩ መቆም አቃታቸው። ለሕክምና ወደ አማን ሆስፒታል ሊወስዷቸው በብርድ ልብስ ተሸክመው ሲያወጧቸው፣ "የሚቀጥለው ስድስት መቶ አስራ ሰባት ነው፤ እንዳትዘለው" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ጠባቂ መሞታቸውን በሹክሹክታ ነገረኝ። በእጁ ልጃቸው ያመጣችውን ምሳ ዕቃ ይዟል። በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው፤ አልተነገራትም።

"ዝም ብለህ ብላው፤ ባዶውን እመልስላታለሁ" አለኝ።

"አልበላም። እንዳለ መልስላት።"

"ምን ብዬ?"

"እውነቱን ብለህ።"

ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ተመለሰ። በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ፀሐይ መሞቅ ከለከሉኝ። ማካፈሉን ያን ጊዜ ጨረስኩ። የመጨረሻው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ነው፤ አስራ ሁለት ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን ሦስት ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ስፈታ ጌጫ ሄጄ የቁጥሩን ውጤት ለልጃቸው ነገርኳት። "አባዬ ቢሆን ድገመው ይልህ ነበር" አለችኝ።

አሁን ቴፒ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ደብተር አውጥቼ እየደገምኩት ነው። በወረቀት ስለሆነ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ግን በቀን ከአንድ ቁጥር በላይ አልሞክርም።