መነኩሴው ዘንድ የቀረ ዶሜይን

ሞላሌ ላይ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ድረ ገጻችን አልከፈት አለ። የዶሜይኑ፣ የድረ ገጹ አድራሻ ስም፣ ጊዜ አልፏል የሚል ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ደወልኩ።

«ያስመዘገበው ሰው ገብቶ ያድሰው» አለኝ። «አሥር ቀን ቀርቷችኋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለውን ስም አድፍጠው ጠብቀው፣ ገዝተው መልሰው የሚሸጡ ሰዎች አሉ።»

ያ አድራሻ በምንሸጠው ባና ሁሉ ጥግ ላይ ተሰፍቷል፤ ሩቅ ያሉ ገዢዎች የሚያገኙን በእሱ ነው። ያስመዘገበው ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት፣ ከሁለት ዓመት በፊት መንኖ መርሐቤቴ ያለ ገዳም ገባ። የእድሳት ማስታወቂያው ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ሲላክ ከርሟል። ስልክም የለው።

አንድ ቀን በመኪና፣ ግማሽ ቀን በእግር ሄጄ ደረስኩ። ሴት ስለማይገባ በር ላይ ቆየሁ፤ በረኛው አባት ጠሩልኝ። ጓደኛዬ ከስተዋል፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። «አንተ» ልል ከጀመርኩ በኋላ፣ «እንደምን ሰነበቱ፣ አባ?» አልኩ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«የለም። ዶሜይኑ ሊወሰድብን ነው።»

እንደ ድሮው ሳቁ። «ወደ ማኅበሩ ላዛውረው ሳስብ ሳስብ ነው የወጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የይለፍ ቃሉን ጠየቅኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፤ አልመጣም። «ምናልባት ጣቴ ያስታውስ ይሆናል» አሉ። ደብተሬ ላይ የኮምፒውተር መጻፊያ ፊደላትን በየቦታቸው ጽፌ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ እየመቱ አሳዩኝ፤ እኔ ገለበጥኩ። «ኢሜይሉም በዚሁ ይከፈታል» አሉ፣ ትንሽ አፍረው።

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። ደገምኩ፤ እንቢ። ጨርሶ እንዳይዘጋብኝ ፈርቼ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እጃቸውን በሐሳቤ መለስኩት፤ መጀመሪያ የግራ ትንሿ ጣታቸው ጥግ ላይ፣ ትልቅ ፊደል የሚያወጣው ቁልፍ በሚሆንበት፣ ወርዳ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል በትልቁ ይጻፋል ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ተከፈተ።

የባለቤቱ ስም ሰፍሮ አየሁት፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚጠራው የዓለም ስማቸው። ለመሰረዝ እጄ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ የማኅበሩን ስምና ኢሜይል ተካሁ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳይዛወር ቆለፍኩት፣ ባለሙያውም ስደውልለት የእድሳቱን ክፍያ ከፈለልን።

ወርጄ ነገርኳቸው። «ስምዎን አውጥቼዋለሁ» አልኩ።

«ደግ አደረግሽ። የዘንድሮ ጠጉር እንዴት ነው?»

የሠርክ ጸሎት ደወል ተደውሎ እስኪገቡ ድረስ ስለ በግ ጠጉር ስናወራ ቆየን።

ሞላሌ ስመለስ አዲሱን የይለፍ ቃል ለሁለት የማኅበሩ ሴቶች አስተማርኩ። አንዷ ሊቀመንበሯ ናቸው።

«ምነው፣ ልትሄጂ አስበሻል እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ እንዲያው ለማንኛውም» ብዬ፣ ራሳቸው እንዲጽፉት ስልኩን ሰጠኋቸው።