ላልቶ ይነበባል

ሐያሲ ማለት፣ በማንም ሳይሾም፣ ያልበደሉትን ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን በጽሑፍ እንዲደበድብ በደመወዝ የተቀጠረ፣ ለሚያደርሰው ጉዳት የማይጠየቅ፣ ራሱ ግን በሰው ላይ እጁን አንሥቶ የማያውቅ ዜጋ ነው። የጋዜጣችን የሙዚቃ ገጽ ሐያሲ ይህን ፍች ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች ጉድለት አሟልቶ ኖሯል። ስሙ ተረስቶ ምላጭ ነው የምንለው። ስለ አንድ ዘፋኝ «ጉሮሮው በቁጥጥር ሥር ይዋል» ብሎ ጽፏል፤ ስለ አንድ ጊታር ተጫዋች ደግሞ «ጣቶቹ ይታሰሩ፤ የቀረው አካሉ ንጹሕ ነው» ብሏል። ምስጋና ጽፎ አያውቅም። የሚከበረውም የሚኮራውም በዚህ ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እኅቱ ከእቴቴ ጋር ነው፤ ግማሹን ክፍል የልብስ ስፌት መኪናዋ ይዞታል። ከመኪናው ሥር አይጥ ብቅ ስትል አልጋ ላይ የሚወጣው እሱ፣ መጥረጊያ የምታነሣው እቴቴ ናት።

«በወረቀት ስንቱን ፈጅተህ አንዲት አይጥ አቃተችህ?» ትለዋለች።

«አይጧ አልበም አላወጣችማ» ይላታል፣ አልጋው ላይ እንደ ቆመ።

ጡጫ የሚባል ወጣት ራፐር የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ምላጭ «ይህ ልጅ ድንጋይ ቢፈልጥ ይሻላል፤ ድንጋይ ጆሮ የለውም» ብሎ ጽፎበት ነበር። ጡጫ አልረሳም። የአዲሱ አልበም ሦስተኛ ዘፈን «ምላጭ» ይባላል፤ በውስጡም ሐያሲያችን ዐሥራ አንድ ጊዜ ይገደላል፦ በገመድ፣ በድንጋይ፣ በጋለ ብረት፣ ሰባተኛው ላይ በገዛ ብዕሩ ማንቁርቱን ተወግቶ።

ምላጭ ይህን ዘፈን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ሦስት ቀን ሰማው። በአራተኛው ቀን ሁለት ዓምድ ስድብ ጻፈ፤ መጨረሻው ላይ ግን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አስቀመጠ፦ «ይህ ልጅ ይመታል።» ምቱን ይመታል፣ ቤት ይመታል፣ ሲመታም አይስትም ማለቱ ነበር። በልቡ ውስጥ «መ»ም «ታ»ም ላልተው ነበር። ወረቀት ግን የላላውን ከጠበቀው አይለይም።

አዘጋጁ አጥብቆ አነበበውና ልጁን ዱላ የሚጠብቀው መስሎት ሳቀ።

«ምላጭ፣ ደግሞ በእጅ ልትጀምር ነው?»

ምላጭ ሊያርመው አፉን ከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፤ ስድስቱም በአድናቆት ያዩታል። «እንግዲህ» ብሎ አፉን ዘጋ። አዘጋጁም ዐረፍተ ነገሯን ከግርጌ አንሥቶ በትልልቅ ፊደል ርእስ አደረጋት።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው ወጣ፤ ረፋዱ ላይ ጡጫ መጣ።

በሩን የከፈተው በእግሩ ነው፤ መስተዋቱ ወለሉ ላይ ረገፈ። ሊያስቆመው የተነሣውን አዘጋጅ ከመደርደሪያው ጋር አላተመው፤ የስንት ዓመት የጋዜጣ ክምር በላዩ ተናደ። ምላጭን በአንገትጌው ይዞ ከወንበሩ ነቀለውና ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። አፍንጫው ሲሰበር ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«የሚመታኝ ማን ነው? አንተ ነህ?»

 የምላጭ ደም ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የሚቀጥለው ሳምንት ገጽ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጋሼ፣ እየጠየቅሁህ ነው» አለ ጡጫ፤ አክብሮቱን ሳይተው አፉን በቡጢ መታው። አንድ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ፤ የምላጭን የቀኝ እጅ ጣቶች መሳቢያው አፍ ላይ ደርድሮ ጉልበቱን ከውጭ አስደገፈ።

«በነዚህ ነው አይደል የምትመታኝ? እስከ ሦስት እቆጥራለሁ።»

ምላጭ ጣቶቹን አየ፤ ከወንበር ጀርባ ተሸሽገው የሚያዩትን ባልደረቦቹንም አየ። ከሁለቱ አንዱ መሄዱ ነበር፦ ወይ የሚጽፍበት እጅ፣ ወይ በሃያ ሁለት ዓመት የገነባው ስም።

«አንድ» አለ ጡጫ።

«ላልቶ ነው የሚነበበው» አለ ምላጭ በደም መካከል። «ትመታለህ ነው ያልኩት።»

ከንፈሩ አብጦ ነበርና ቃሉ ከአፉ የወጣው ጠብቆ ነው።

«እዚህ ሆነህም ትዝታለህ?» ብሎ ጡጫ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋው። ትንሿ ጣት ቀጭ አለች።

ምላጭ ጮኸ። ጩኸቱ ሲያልቅለት በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር፤ በምቱም ላይ ሦስተኛውን ዘፈን ያወርድ ገባ። በገመድ ተሰቀለ፣ በድንጋይ ተወገረ፣ በጋለ ብረት ተተኮሰ፤ ደም እየተፋ አንድም ምት አልሳተም። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ተወጋ።

«ማንቁርት ነው የሚለው» አለ ጡጫ፣ ሳያስበው።

«ማንቁርት ቤት አይመታም። ከላይ ጓሮ ብለሃል፤ ጉሮሮ በለው። የቀሩት ዐሥሩ ይመታሉ።»

ጡጫ ጉልበቱን ከመሳቢያው አነሣ። ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ርእሱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ አነበበው። በሁለተኛው ጊዜ ቀስ ብሎ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«አመስግነኸው ነው?» አለ አዘጋጁ ከክምሩ ሥር፣ እንደ ተከዳ ሰው።

«ጋሼ» አለ ጡጫ፣ ጋዜጣውንና እስክሪብቶውን እያቀረበለት። «እናቴ ጠዋት አጥብቃ ነው ያነበበችው። ከቤት አትውጣ ብላ እያለቀሰች ነው። እዚህ ላይ ጻፍልኝ።»

ምላጭ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ እንደ ተጣመመች ትቶ፣ በቀሩት ጣቶቹ ከርእሱ ሥር ጻፈ፦ «ይድረስ ለእናቱ። ላልቶ ይነበባል። ልጅዎ ጎበዝ ነው።» «ጎበዝ» ላይ የተንጠባጠበውን ደም በእጅጌው ጠረገ፤ ጥቂት አሰበና ከግርጌው ጨመረ፦ «ለሌላ ሰው እንዳያሳዩ።»