ቀይዋን መኪናዬን የሸጥኩ ቀን

ከሶዶ እስከ ተበላ እንደ እኔ መኪና የሚይዝ ሰው አልተፈጠረም። የሃያ ዓመቷ ቀይ ስፖርት መኪናዬ ኮፈን ላይ እንደ መስታወት ራሴን እያየሁ ጢሜን ብላጭ አልቆረጥም። ደላላ ሳላስገባ ልሸጣት ብዬ አንድ የበዴሳ እህል ነጋዴ ጠራሁ።

«ጋሼ፣ እንዲህ የምታበራ መኪና ለምን ይሸጣሉ?»

እውነቱን እንዳያውቅብኝ «የኛ መንገድ ለክብሯ አይመጥንም» አልኩት።

«እስቲ ያስነሷትና ድምጿን ልስማ።»

ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ድምጿ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ከቤት አስወጣ፤ እኔን ግን መሪው ቦርጬን ይዞ አላስወጣ አለኝ። ነጋዴው በአንድ ክንዴ፣ ባለቤቴ በሌላው ጎትተው እንደ መንጋጋ ጥርስ ነቀሉኝ።

«አሁን ለምን እንደሚሸጡ ገባኝ!» አለ ነጋዴው በሳቅ እየፈረሰ። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ እወስዳታለሁ።»

አዎ፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ እየበላሁ የገዛ መኪናዬ እስክትጠበኝ ወፍሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳቻት ባለቤቴ ናት።