የማርታ ወተት

ይህን ለባሌም፣ ለጸሎት ቡድናችንም ተናግሬ አላውቅም። ገበያ ላይ አፌ የማይዘጋ ነጋዴ ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ።

ማርታ የወንድሜ ሚስት ናት። ያኔ የአራት ወር ልጇን ሆሳዕና እናቴ ዘንድ ትታ ሾኔ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ሄዳ ነበር። በየዕረፍቱ ጡቷን እያለበች፣ ወተቱን ለስላሳ ከሚሸጥ ሰው ፍሪጅ ውስጥ ስታስቀምጥ ሰነበተች። በመጀመሪያው ሳምንት አርብ ዕለት አብረን ወደ ሆሳዕና ተሳፈርን፤ እሷ ስድስት ጠርሙስ ወተቷን በበረዶ ሳጥን፣ እኔ ከሾኔ ገበያ የገዛሁትን ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ።

መንገድ ላይ መኪናው ተበላሸ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማርታ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ልትል ወረደች።

"እትዬ፣ አደራ፤ ሳጥኑ እንዳይከፈት።"

"ደሞ ወተት ማን ይሰርቅሻል?" አልኳት። ሳቀች።

ቅቤዬ ከቅጠሉ መንጠባጠብ ጀመረ። የቀለጠ ቅቤ ማን ይገዛኛል? ሳጥኑን ከፈትኩ። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ጠርሙሶቹን አውጥቼ በፌስታል ወንበር ሥር ከተትኩ፤ ቅቤዬን በረዶው ላይ አስተኛሁ። ወተት ለትንሽ ሰዓት ምን ይሆናል? አልኩ። ምንም የማይሆን ከሆነ ማርታ ለምን በበረዶ ይዛው ትጓዛለች? ይህን ግን ራሴን አልጠየቅሁም። መኪናው የተሠራው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። "ተሳፈሩ!" ሲባል ፈጠን ብዬ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ።

ቅቤዬ ጠንክሮ ገባ። ደንበኞቼም አመሰገኑኝ።

ሰኞ ማርታ ወደ ሾኔ ስትመለስ እናቴ ያንን ወተት ለልጁ ሰጠችው። በማግስቱ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዳነ። እናቴ ግን "የእናቱ ወተት አይስማማውም" ብላ ፈረደች፤ ዘመድ ሁሉ ተቀበለ። እኔም እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር።

"እትዬ፣ የገዛ ወተቴ ነው ልጄን ሊገድልብኝ የነበረው?" አለችኝ ከሾኔ ተጠርታ የመጣችው ማርታ።

ምን አልኩ? "የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ አይዞሽ" አልኩ። በኔ ጥፋት እሱን አስጠየቅሁት። እሷ ጡቷን በጨርቅ አስራ አደረቀችው።

አምና ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ልጠይቃት ስገባ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ የማርታ ቀሚስ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል፤ እሷ ግን የጣሳ ወተት ትበጠብጣለች።

"ይቺን እንኳ እንዳልጎዳት ብዬ ነው" አለችኝ።

ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጣሳውን ከእጇ ተቀብዬ በጠበጥኩላት።

የመጀመሪያውን ስስት ነው ልበል። ሁለተኛውን ምን ልበለው? ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለእናንተ የነገርኳችሁም ስለማታውቁኝ ነው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ሴት አሁንም የገዛ ጡቷን ትፈራለች።