የመፈክሩ የመጨረሻ ቃል

ባለፈው ሳምንት የታመመ ትከሻዬን የሚያሸኝ ወጣት ባለሙያ፣ «እማማ፣ ግራ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ አሁን ጣቶችዎን ጨበጥ ያድርጉ» አለኝ። ታዘዝኩ። ፊት ለፊቴ ባለው መስታወት ጡጫዬን ከራሴ በላይ ሳየው ወዲያው አወረድኩት። አመመዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሌላውን ለማስረዳት ሰዓቱ አይበቃም ነበር።

በደርግ ዘመን የምንኖረው ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጎረቤት «ጴንጤዎቹ» ይለናል። የጸሎት ቤታችን ስለታሸገ የምንሰበሰበው ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ በከፈቱት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነበር። አንዳችን የስፌት መኪናውን በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይረግጣል፤ ሌሎቻችን በዚያ ድምፅ ተከልለን እንጸልያለን። አብዛኛውን ጊዜ የምትረግጠው አስካለ ነበረች፤ የጋሽ ታደሰ ሠራተኛ፣ የእኔ የልብ ጓደኛ። እየረገጠች መጸለይ የምትችል እሷ ብቻ ነበረች።

እሁድ ጠዋት ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ሳሎን ውስጥ። ስም ከተጠራ በኋላ በሩ ይዘጋል። በመጨረሻ ሁሉም ተነስቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ይላል። የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ማን እንደሆነ ሌላ መልስ ነበረን። ጋሽ ታደሰ ሐዋርያው ለባለሥልጣን ተገዙ ማለቱን እያስታወሱ፣ መንግሥት ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ አልቆመም፣ አፍ ቢለው ልብ ካላለው አይቆጠርም ይሉን ነበር። እኔ ግን የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። «ከሁሉም በላይ» የሚለውን ጮክ ብዬ እልና፣ ሕዝቡ «አብዮቱ» ብሎ ሲጮህ እኔ በሹክሹክታ «ጌታ» እላለሁ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ያዙት። በዘዴዬ ትንሽ እኮራ ነበር።

አስካለ የጋሽ ታደሰንም የእኔንም አልተቀበለችም። እጇን አታነሳም፣ አፏን አትከፍትም። አንድ የሐምሌ እሁድ ከጥበቃዎቹ አንዱ አያትና ወስደው የቪላው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆለፉባት። በሚቀጥለው እሁድ በሕዝብ ፊት መፈክሩን ካለች ትለቀቃለች፣ ካላለች ከቀበሌው በላይ ወዳለው የከፍተኛው እስር ቤት ትተላለፋለች ተባለ። ከዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነበር።

ጋሽ ታደሰ ምሳ እንዳደርስላት እኔን ላኩ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አሳምኛት ብለው። ሽሮ ፍትፍት በሳህን ይዤ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ሄድኩ። ክፍሉ የድሮ የሞተር ዘይት ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የማወራት ጆሮዋ ሥር ሆኜ ነበር። ዘዴዬን ነገርኳት።

«ሰው ሳይሰማ?» አለችኝ።

«ማንም አይሰማም።»

«ጌታስ?»

«እሱማ ይሰማል።»

አጎራረሷ ቀስ አለ። «እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም። እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን» አለች። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እሁድ ለብቻዋ ፊት ለፊት አቆሟት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሌላው ሁሉ ዝም እንዲል አዘዘ። ስህተቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዘዴዬ የሚሠራው ያ ሁሉ ሰው አብሮ ሲጮህ ነበር። አስካለ ግራ እጇን አነሳች። «ከሁሉም በላይ» አለች፤ ቀጥላ በሹክሹክታ ያለችው «ጌታ» እስከ ኋላው ወንበር ድረስ ተሰማ።

አንዱ ከኋላ፣ ጴንጤ ከ«ጌታ» ሌላ ምን አፍ አላትና ብሎ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ማንም አለች፤ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። እሱ ግን ምሳ ያደረስኩላት እኔ መሆኔን ያውቃል።

«የዩኒቨርሲቲዋ፣ ነይ እስቲ» አለኝ። «እንዴት እንደሚባል ለጓደኛሽ አሳዪያት።»

በሩ ተዘግቷል፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተደግፎታል። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ብቻ አስካለ አጠገብ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቀሚሷ የሞተር ዘይት ይሸት ነበር። ግራ እጄን አነሳሁና ሙሉውን አልኩት፤ የመጨረሻዋን ቃል ሳልውጥ። አጨበጨቡልኝ።

ከሰዓት በኋላ አስካለን ወሰዷት። አራት ዓመት ታሰረች። ጋሽ ታደሰ፣ «ልጄ፣ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው፤ ኃጢአት የለብሽም» ብለው አጽናኑኝ፤ ከልባቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በነበሩት እሁዶች «ጌታ» የምትለውን ሹክሹክታ ማውጣት አልቻልኩም። እንደ ሌላው ሰው ሙሉውን እል ነበር።

አስካለ ስትፈታ አቅፋ ሳመችኝ። አሁንም በበዓል እንደዋወላለን፤ ያን እሁድ ግን አንስተን አናውቅም።

ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አማኝ ለመንግሥት እስከ የት ይታዘዝ ብለው ሲከራከሩ ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። ሁለቱም ወገን ጥቅስ አለው። ጋሽ ታደሰ ተሳስተዋል ለማለት እስካሁን አልደፍርም። እኔ የማውቀው ስለ ራሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ በሠርጌ ቀን ቃል ስገባ እንኳ ተንቀጥቅጧል። ያን እሁድ ጠዋት «አብዮቱ» ስል ግን አልተንቀጠቀጠም።