ባለ ሰፌድ አንገቱን ዳይኖሰር ይዤ ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም

ስለ ረጅም ጉዞ የሚጽፉ ሞልተዋል። እኔ የምነግራችሁ ከጎፋ ሀና ማርያም ድረስ፣ በእግር ሦስት ሰዓት ስለሚወስድ መንገድ ነው። አትሳቁ! አርባ ምንጭም ጎንደርም ደርሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጉዞ ግን የለኝም።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ አራት አምስት ዓመት ሆኖታል። እኔ ጎፋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ታደለች ደግሞ ሀና ማርያም የሳይንስ መምህርት ነች። በክረምት የመምህራን ሥልጠና ላይ ተዋውቀን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስንዋዋስ ኖረናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ እንቁራሪት ልብ ተናግሬ አልጠግብም፣ ስለ ራሴ ልብ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤ ላከችልኝ። «ተማሪዎቼ ስለ ዳይኖሰር እየጠየቁ መውጫ አሳጥተውኛል። ትልቁን ሥዕልህን ይዘህ ዓርብ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ይላል። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ፣ «እሁድ እኛ ቤት ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ ሰውየውን ወዶታል።» እሷስ? አልጻፈችም። እንግዲህ ዓርብ ሄጄ «እኔም ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ብዬ ካልጠየቅኳት፣ እሁድ ሌላው ይዟት ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ጎፋ

የዚያን ሰሞን ፋሽን ሰፊ ኮሌታ ነበር። ሐሙስ ማታ ያስተኮስኩትን ሸሚዝ ለበስኩ፤ ኮሌታው ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ጎፈሬዬን አበጠርኩ። ሥዕሉን እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና ቁልቁል ወደ ላፍቶ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም፤ በእግር ነው።

ላፍቶ ድልድይ ጋ ስደርስ አንድ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ። በዚያ ዘመን የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ መሄድ ማለት ራስን ለፍተሻ ማቅረብ ነበር፤ እኔ ሞኙ አላሰብኩትም።

«ምንድን ነው የያዝከው ጓድ? ፍታው!»

ፈታሁት። ሰውየው ሦስት ቀንድ ካለው፣ ከአንገቱ ዙሪያ እንደ ሰፌድ የሰፋ አጥንት ከተዘረጋበት የራስ ቅል ጋር ተፋጠጠ።

«የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው?»

«ኧረ የድርጅት አይደለም! ዳይኖሰር ነው። እንሽላሊት የሚመስል ግዙፍ እንስሳ። ካለቀ ሚሊዮን ዓመታት ሆኖታል።»

«ሁሉም አልቋል?»

«ሁሉም አልቋል ጓድ።»

ይሄ ትንሽ አረጋጋው። ጠጋ ብሎ ሰፌዱን በጣቱ ነካ። «ይሄስ ምን ያደርግለታል?»

«ጋሻ ነው። አውሬ አንገቱን እንዳይነክሰው» አልኩ፤ ሁልጊዜም የማስተምረው ይህንኑ ነው።

«ጋሻ ከሆነ ታዲያ እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው? ቀዳዳ ጋሻ ይዞ የሚዘምት አይቼ አላውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው! በዚያ ሥዕል ስድስት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን ስመረምር ሳቀና፣ «ሂድ፣ አጥናው» ብሎ አሰናበተኝ። ድልድዩን ስሻገር አፍሬም ደስ ብሎኝም ነበር።

አራት ሰዓት፣ ለቡ አካባቢ

ከላፍቶ ወዲያ አገሩ ሁሉ ማሳ ነው። ጤፉ ተንዘርፍፎ፣ ባቄላው እሸት ይዞ፣ ከባሕር ዛፉ የሚነሣው ነፋስ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ሸሚዜን አላብ አራሰው። ኦቦ ዳባ የተባሉ ገበሬ ከማሳቸው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አካም ቡልቴ! እንዴት አደርክ! የከተማ ሰው በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው? ና ቅመስ» ብለው እሸት በእጄ ሙሉ ዘገኑልኝ። ልክፈል ብል ተቆጡ። «እሸት ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ።

እሸቱን እየፈለፈልኩ ሳለሁ ከአጠገባችን ካለው ግራዋ ላይ አንዲት እስስት ቀስ እያለች ስትወጣ አየሁ። ዘልዬ ያዝኳት! ወዲያው ጉሮሮዋን ነፋች፣ ጎኗን አሰፋች፣ አፏን ከፈተች፤ ሁለት እጥፍ ሆነች ማለት ይቻላል። ኦቦ ዳባ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አንተ ሰው አፍህን ግጠም! ጥርስህን ከቆጠረችው እኮ ይረግፋል!»

ይህን አባባል ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እስስት ባለችበት ጥርሱን የሚያሳይ ሰው የለም። እኔ ግን የሳይንስ ሰው አይደለሁ? ሆን ብዬ ሠላሳ ሁለቱንም አሳየኋት። ኦቦ ዳባ ፊታቸውን አዞሩብኝ። እስስቷን ለታደለች ተማሪዎች ላሳይ ብዬ በመሀረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ሀና ማርያም

ታደለች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። «መጣህ?» አለችኝ። «መጣሁ» አልኩ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ይኸው ነበር።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሥዕሉን ሰቀልኩና የመጣልኝን ተናገርኩ። «ይህ ሰፌድ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት አውቃለሁ እል ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳቸው። ጋሻ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀዳዳው ግን ያጠራጥራል። የመንጋጋው ጡንቻ የሚያርፍበት ነው የሚሉ አሉ። እንደ ዝሆን ጆሮ ሙቀት የሚያስወጣበት ነው የሚሉም አሉ። «አውስትራሊያ የምትኖር አንዲት እንሽላሊት ደግሞ አለች፤ ስትደነግጥ የአንገቷን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ትዘረጋዋለች። ጠላት ደንግጦ ይሸሻል። ወንዱም ተቀናቃኙን የሚያስፈራራው፣ ሴቷን ‹እይኝ› የሚላት በዚያው ነው።»

ከመካከል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «እንደ ቲቸር ኮሌታ ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ታደለችም ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ ደስም አለኝ። ሳቁ እንዲበርድልኝ እስስቷን አወጣሁ። ጉሮሮዋን ስትነፋ ሳቁ ቀጥ አለ፤ የክፍሉ ሰው በሙሉ አፉን በእጁ ያዘ።

ደወል ሲደወል እስስቷን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሥዕሉን ጠቀለልኩ። ስፈልጋት የለችም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሄዳለች ብዬ ከታደለች ጋር ወደ ግቢው ዛፍ ወጣን። አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?

«ታደለች፣ ሽማግሌ... እኔም ሽማግሌ ልላክ ወይ?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ እጇ አፏ ላይ ልጥፍ አለ። ቆይ ብዬ ጠበቅኩ። መልስ የለም። «አባትሽ ከወሰኑ ይግባኛል፤ አንቺ ግን ምን ትያለሽ?» አልኩና ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። ቀና ስል በአንድ እጇ አፏን እንደያዘች በሌላው ወደ እኔ አቅጣጫ ትጠቁማለች። ዞር ብዬ ባይ ከኋላዬ ያለው የግቢው በር ነው። ውጣልኝ ማለቷ ነዋ! «ደህና ሁኚ» አልኩና ሥዕሌን አቅፌ ወደ በሩ አመራሁ።

ዘበኛው ጋሼ ወርዶፋ ሊሰናበቱኝ ብድግ እንዳሉ እሳቸውም አፋቸውን ያዙ! በዱላቸው ትከሻዬን ጠቆሙና በተገጠመ አፍ «እምም! እምም!» አሉኝ። አንገቴን ሳዞር እስስቷ ኮሌታዬ ላይ ጉብ ብላለች፤ ጉሮሮዋን ነፍታ ዓለምን ታያለች።

ወይ ጉድ! ቀስ ብዬ አነሣሁና አጥሩ ላይ አስቀመጥኳት። ታደለች እየሮጠች ደረሰች፤ እስስቷ ቅጠል ውስጥ እስክትገባ ጠብቃ እጇን ከአፏ አወረደች።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ራሴን እየነቀነቅኩ እሺ እሺ ስልህ ጫማህን ታያለህ!»

«አንቺ የሳይንስ መምህርት አይደለሽም እንዴ? እውነት ጥርስ ትቆጥራለች ብለሽ ነው?»

«አትቆጥርም፤ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ነው እንዴ የምሞክረው? ጥርሴ ረግፎ ሽማግሌ ልቀበል?»

«የማንን ሽማግሌ?»

«ያንተን ነዋ! ግን ከእሁድ ቅደም። ነገ ላክ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጎፋ

እንዴት እንደተመለስኩ አትጠይቁኝ፤ መንገዱ ከእግሬ ሥር ራሱ የሄደ ይመስለኛል። ጎፋ ስገባ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሦስት ሽማግሌ ማግኘት ነበረብኝ።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረኝ? ሰፌዱ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ያንን ለተማሪዎቼ ሳልፈራ መናገር ግን ጀምሬያለሁ። ደግሞም ሰው ካናገሩ በኋላ ጫማን ማየት ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የመጣሁበትን መልስ ሳላይ ልመለስ ነበር እኮ!

መጀመሪያ ያንኳኳሁት የጎረቤታችንን የአባ መርጋን ቤት ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ሽምግልና ያለ እሳቸው አይሄድም። ነገሩን ተንፍሼ ስጨርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ትኩር ብለው አዩኝ።

«የሌላ ሰው ሽማግሌ ቀን ተቆርጦለት ሳለ ቀድሞ መግባት ቀላል ነገር አይደለም» አሉ። «ልጅቱ ፈቅዳለች?»

«ፈቅዳለች።»

«ጠቅሳህ ነው ወይስ በአፏ ነግራህ?»

«በአፏ!» አልኩ፤ ጩኸቴ ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። «በአፏ ነው የነገረችኝ አባ!»

ጋቢያቸውን ደረቡና «ና፣ የቀሩትን ሁለቱን እንፈልግ» ብለው ተነሡ።